ከሰል ያዘለች ትንሽ ኮከብ

ሰው ስለ ኮከብ ሲያወራ ድምፁ ይለሰልሳል። እኔ ስለ ኮከብ ሳወራ ጥርሴን ነው የምነክሰው። ዳንግላ ውስጥ የሚያውቀኝ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ምክንያቱን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ለብዙዎቹ አንዲት ኩሩ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፤ ያላገባች፣ ስትናገር የምትቆጣ፣ ሰማይ ሰማይ የምታይ። መቆጣቴ እውነት ነው። ሰማይ ማየቴ ግን ውሸት ነው። የእኛ አገር ክረምት አንዴ ከገባ መውጣቱን ይረሳዋል፤ በጋውም ቢሆን የእንጅባራ ጉም ሲያሻው ይመጣል። እኔ ኮከብ የማየው ኮምፒዩተር ላይ ነው፤ ያውም ኮከቡን ሳይሆን ብርሃኑን ተተርትሮ።

ነገሩን ለማያውቅ ላስረዳ፤ ማስረዳት እንጀራዬ ነው። ከዝናብ በኋላ ቀስተ ደመና ሲወጣ የፀሐይ ብርሃን በየቀለሙ ተለያይቶ ይታያል። የአንድን ኮከብ ብርሃንም በመሣሪያ እንዲሁ መለያየት ይቻላል፤ ከቀይ እስከ ወይን ጠጅ ተዘርግቶ ይወጣል። ስፔክትረም የምንለው ይህንን ነው። ሲዘረጋ ግን ሙሉ አይደለም፤ እዚህም እዚያም ጥቁር መስመሮች አሉበት። ኮከቡ ላይ ያለው ሃይድሮጅን ከብርሃኑ የራሱን ድርሻ ውጦ ያስቀራል፤ ካልሲየሙም የራሱን፣ ብረቱም የራሱን። አንዱ የሌላውን ድርሻ አይነካም። ከሰው ይሻላሉ። መስመሮቹን ማንበብ የቻለ ሰው ኮከቡ ከምን እንደተሠራ፣ ምን ያህል እንደሚሞቅ፣ ግዙፍ ይሁን ድንክ፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ይናገራል። በዚህ መንገድ ኮከቦች በፊደል ተመድበዋል፤ ኦ፣ ቢ፣ ኤ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኬ፣ ኤም፤ ከሞቃቱ ወደ ቀዝቃዛው። አብዛኛው ኮከብ ከነዚህ በአንዱ ይገባል። እኔን የሳበኝ አልገባም ያለው ነው።

ዳንግላ ሁለተኛ ደረጃ አስተምር ነበር፤ አሁንም አስተምራለሁ። ሁለተኛ ዲግሪዬን ደግሞ በክረምት በክረምት እማር ነበር። የመመረቂያ ጽሑፌን የሚያማክሩኝ በልጅነቴ ፊዚክስ ያስተማሩኝ ሰው ነበሩ። በኋላ ተምረው ዶክተር ሆኑና ሩቅ አገር ባለ ዩኒቨርሲቲ ገቡ፤ ቤታቸው ግን እንጅባራ ነው፤ በዓልና እረፍት ሲሆን ይመጣሉ። ሌላው «ዶክተር» ይላቸዋል፤ እኔ እንደ ድሮው «ጋሼ» ነው የምላቸው።

የእሳቸው ውለታ አለብኝ፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ነውር ነው። አባቴ አዲስ ቅዳም አጠገብ ዲከረንስ የሚባለውን ግራር ተክሎ ከሰል እያከሰለ ነው ያሳደገን። ዘጠነኛ ክፍል እያለሁ ሊድረኝ ሽማግሌ ተቀብሎ ነበር። ጋሼ ወሬውን ሰምተው ከዳንግላ ድረስ መጡ። በነጭ ሸሚዛቸው የከሰል ጆንያ ላይ ተቀመጡና ከአባቴ ጋር እስኪመሽ ተከራከሩ። አማርኛው አልበቃ ሲላቸው በአዊኛ ቀጠሉ። በመጨረሻ አባቴ፣ «እንግዲህ ልጅቱ የእርስዎም ልጅ ናት» አላቸው። ሲነሱ ሸሚዛቸው ከኋላው ጠቁሮ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሼ ያሉት ነገር ለእኔ ያለቀ የደቀቀ ነው፤ ጥፋቱም ከዚያ ይጀምራል።

ሥራዬ እንዲህ ነበር። በሩቅ ምሥራቅ፣ ተራራ ላይ የተተከለ ትልቅ ቴሌስኮፕ አለ፤ በአንድ ጊዜ የብዙ ሺህ ኮከቦችን ስፔክትረም ያነሳል፤ ያነሳውንም ለዓለም ሁሉ በነፃ ይለቀዋል። የሚመድባቸው ኮምፒዩተር ነው። ኮምፒዩተሩ መመደብ ያቃተውን «ያልታወቀ» ብሎ ወደ ጎን ይጥለዋል። አብዛኛው ያልታወቀ ተብሎ የተጣለው በእርግጥም ቆሻሻ ነው፤ ደመና የሸፈነው፣ የጨረቃ ብርሃን የገባበት፣ መሣሪያው የተበላሸበት። አልፎ አልፎ ግን ከመካከሉ እውነተኛ እንግዳ ነገር ይገኛል። እኔ አንድ በአንድ በዓይኔ እያየሁ ስለይ ከረምኩ። ምስር ለቅሞ የሚያውቅ ሰው ሥራዬን ያውቀዋል፤ ልዩነቱ እኔ የምፈልገው ጠጠሩን መሆኑ ነው።

ፋይሎቹን የማወርደው ዳንግላ ገበያው ዳር ካለ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ነበር። ባለሱቁ ደግ እስላም ሰው ናቸው፤ ጥሩ ዋይፋይ አላቸው፣ ጄኔሬተርም አላቸው። ቅዳሜ ስገባ፣ «ቲቸር፣ ዛሬስ ስንት ኮከብ ልናወርድ ነው?» ይሉኛል። የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ያሉት ግን ደግ አልነበሩም። የኬሚስትሪው መምህር ባየኝ ቁጥር «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይላል፤ ሌሎቹ ይስቃሉ። እኔም እስቅ ነበር። ያኔ መሳቅ እችል ነበር።

ያገኘኋት አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው፤ እዚያው ሱቅ ውስጥ፣ ተማሪዎች ደብተር ሲገዙ እየገፉኝ። እንደሌሎቹ ሁሉ ከፈትኳት። ስፔክትረሟ ላይ የመጋዝ ጥርስ የሚመስል ነገር አየሁ፤ ቀስ ብሎ ይወርድና ድንገት ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ደግሞ ይወርዳል። ይህ ምልክት የካርቦን፣ ከሰል የሚሠራበት ንጥረ ነገር ነው፤ ሌላ ማንም እንዲህ አያደርግም። ካርቦን የሞላባቸው ኮከቦች እንዳሉ አውቅ ነበር። እነዚያ ግን ግዙፎች ናቸው፤ አርጅተው ሊሞቱ ሲሉ በሆዳቸው ያበሰሉትን ካርቦን ወደ ላይ የሚያወጡ። ኮምፒዩተሩ የጣላት ለምን እንደሆነ ስላልገባኝ ሌላውን መረጃዋን ፈለግሁ። ከዓመት ዓመት ሰማይ ላይ ያላት ቦታ ይለዋወጣል፤ ከጀርባዋ ያሉት ኮከቦች ግን ንቅንቅ አይሉም። በመንገድ ዳር ያለ ዛፍ ሲሮጥና ተራራው ሲቆም ሚኒባስ ውስጥ ሆኖ ያየ ሰው ይህን ያውቃል፤ የሚሮጠው ቅርብ ያለው ነው። ኮከቧ ቅርብ ነበረች። ቅርብ ሆና እንዲህ ከደበዘዘች ደግሞ ትንሽ ናት ማለት ነው።

ትንሽ ኮከብ ካርቦን ማብሰል አትችልም። ዕድሜዋም አልደረሰም፤ የሆዷም ሙቀት አይበቃም። ከሰሉ የራሷ አይደለም።

እንዲህ ያሉ ኮከቦች አልፎ አልፎ መገኘታቸውን አንብቤ ነበር፤ ሰበቡም ይታወቃል። ድሮ አጠገቧ የምትዞረው ታላቅ ኮከብ ነበረ። ታላቁ አረጀ፤ አብጦ ካርቦኑን ተፋ፤ ትንሿ ላይ አራገፈባት፤ ከዚያ ሞተና አንዲት ነጭ ፍም ሆኖ ቀረ። ትንሿ እስከ ዛሬ የሟቹን ከሰል አዝላ ትዞራለች። ብዙውን ጊዜ ፍሙ ከመደብዘዙ የተነሳ አይታይም፤ መኖሩ የሚታወቀው በግምት ነው። የእኔዋ ስፔክትረም ላይ ግን፣ በወይን ጠጁ ጫፍ፣ ቀዝቃዛ ኮከብ ጨለማ መሆን በሚገባው ቦታ፣ ብርሃኑ ትንሽ ከፍ ብሎ ነበር። ሟቹ ራሱ ይታይ ነበር።

ስህተት እንዳይሆን ብዬ የዚያችኑ ኮከብ ስፔክትረም በሌላ ጊዜ የተነሳ ካለ ፈለግሁ፤ አገኘሁም። ጫፉ ላይ ያለው ከፍታ እዚያም አለ። የመጋዝ ጥርሶቹ ደግሞ ከቀድሞ ቦታቸው ጥቂት ተንሸራተዋል፤ ወደ እኛ የምትቀርብ ወይም የምትርቅ ኮከብ መስመሯ ይንሸራተታል፤ የእኔዋ አንድ ነገር እየዞረች ነው ማለት ነው። ባለሱቁ ፊቴን አይተው፣ «ምነው ቲቸር፣ ደህና አይደለሽም?» አሉኝ። ደህና ነኝ ብዬ ወጣሁ። ባጃጅ ሳልይዝ በእግሬ ነው የሄድኩት። በዕድሜዬ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በዓለም ላይ ሌላ ማንም የማያውቀውን ነገር አወቅሁ። የእኔ ነበር።

ለአባቴ በስልክ ነገርኩት። ከሰል ያለባት ኮከብ አገኘሁ አልኩት። «እኔ ያስተማርኩሽ ከከሰል እንድትሸሺ ነበር» አለኝ፤ ከዚያ ሳቀ፤ ደስ ብሎት ነበር።

አሁን ወደ ስህተቱ ልምጣ። የቴሌስኮፑ ድረ ገጽ ላይ አድራሻ አለ፤ ያልተለመደ ነገር ያገኘ ማንኛውም ሰው ይጻፍልን ይላል። ማንኛውም ሰው። ኢሜይሉን አዘጋጅቼ፣ ሥዕሉን አያይዤ ጨርሼ ነበር። አልላክሁትም። በእኛ ቤት የመጀመሪያው እሸት ከማሳ ሲመጣ ሽማግሌ ሳይቀምሰው ማንም አይነካውም፤ እናቴ የተራበ ሕፃን እንኳ እያለቀሰ አትሰጠውም ነበር። እኔም በዚህ ነው ያደግሁት። የመጀመሪያ እሸቴን ጋሼ ሳይቀምሱት ለባዕድ ልልክ? አገሬ ላይ ይህን የሚያደርግ ሰው ስም አለው፤ ስሙም ጥሩ አይደለም። ስለዚህ ባለሱቁ ዘንድ ሁለቱንም ስፔክትረም በጥሩ ወረቀት አሳተምኩ፤ ፋይሉን በፍላሽ ያዝኩ፤ የበዓል ሰሞን ነበርና ሚኒባስ ተሳፍሬ እንጅባራ ሄድኩ።

ጋሼ ሳሎናቸው ውስጥ ጋቢ ደርበው ተቀምጠዋል። ጉልበታቸውን ስሜ ወረቀቱን በሁለት እጄ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ዓይናቸውን ጣል አደረጉበት።

«ይህቺ ጫፍ ላይ ያለችው ናት ያስደሰተችሽ?»

«አዎ ጋሼ። የሞተው ኮከብ ብርሃን ይመስለኛል።»

«ልጄ፣ ይኼ ከመሣሪያው ነው። ጫፍ ላይ ሁልጊዜ እንዲህ ያደርጋል።»

«ጋሼ፣ በሌላ ቀን የተነሳውም ላይ አለ።»

«እሱስ በዚያው መሣሪያ አይደል የተነሳው?» ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ስለ መስመሮቹ መንሸራተት ልነግራቸው አፌን ስከፍት እጃቸውን አነሱ። «አትቸኩይ። ተይልኝ፣ ተረጋግቼ አየዋለሁ። እኔ ሳላየው ግን ለማንም እንዳትልኪ። ፈረንጅ ፊት እንዳታሳፍሪን።»

ፍላሹንም ተቀበሉኝ። ምሳ በልቼ፣ ተመርቄ፣ ወጣሁ። በመንገድ ላይ እንዲያውም ደስ ብሎኝ ነበር። ጋሼ «አየዋለሁ» ካሉ ያያሉ፤ ካዩ ይገባቸዋል፤ ከገባቸው በእሳቸው በኩል ነገሩ ይከብራል ብዬ አሰብኩ። እያሳሳቀ ይወስዳል ውሃ የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ከዚያ በኋላ አገሩ እንደምታውቁት ሆነ። ዳታ ተዘጋ። መንገዱ አንድ ቀን ክፍት ሌላ ቀን ዝግ ሆነ። ትምህርት ቤቱም ተከፈተ ሲባል ይዘጋል። የባለሱቁ ዋይፋይ ሞቶ እሳቸው ራሳቸው ሱቃቸውን ገርበብ አድርገው በር ላይ ይቀመጡ ነበር። ጋሼ ወደሚያስተምሩበት ተመልሰዋል። ስልክ በተገኘ ቁጥር እደውላለሁ፤ ስለ ጤናቸው፣ ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ አገሩ እጠይቃለሁ፤ መጨረሻ ላይ እንደ ዋዛ፣ «ያቺን ነገር አይተዋት ይሆን ጋሼ?» እላለሁ። «አየዋለሁ ልጄ፣ አልረሳሁም» ይሉኛል። ደግሞ መጠየቅ ጭቅጭቅ እንዳይመስል ብዬ ቀጣዩን ጥሪ አዘገየዋለሁ።

አንድ ቀን ባለሱቁ ጠሩኝ። «ቲቸር፣ ወንድሜ ዕቃ ሊያመጣ አዲስ አበባ ይሄዳል። መንገዱ ዛሬ ክፍት ነው አሉ። ያንን ደብዳቤሽን በፍላሽ ስጪው፣ እዚያ ኔትወርክ አለ፣ ይላክልሽ» አሉኝ። ደብዳቤውን ያስታውሱት ነበር፤ ስጽፈው ትከሻዬ ላይ ቆመው አይተውታል።

«አይ፣ ጋሼ ገና አላዩትም» አልኳቸው።

«ቢያዩትስ ባያዩትስ? ያንቺ አይደለም?»

«ነውር ነው።»

አንገታቸውን ነቀነቁ። ነጋዴ ናቸው፤ ገበያ ያልወጣ ዕቃ ምን እንደሚሆን ያውቃሉ። ግን አልጨቀጨቁኝም።

ኔትወርክ ሲመለስ ከሁሉ አስቀድመው የደወሉልኝ ጋሼ ነበሩ። ለእረፍት እንጅባራ መጥተዋል። ድምፃቸው የሠርግ ቤት ድምፅ ነው። «ነይ! ነይ ደስ ይበልሽ!» አሉኝ። እኔም መንገዱ ምን ይሁን ምን ሳልጠይቅ ሄድኩ። አዲስ ቅዳም ላይ ሚኒባሱ ሲቆም የአባቴን ጎረቤት በመስኮት አየሁት፤ እጄን አውለበለብኩለት። እንደ ሙሽራ።

ጋሼ ታብሌታቸውን ሰጡኝ። በውጭ አገር ሊቃውንት የተጻፈ ጥናት ነበር። ርዕሱን አንብቤ ሳልጨርስ አወቅኋት። ከርዕሱ ሥር ያለው ሥዕል የእኔ ነው፤ ቀለሙ ተቀይሯል፣ የፊደሉ ቅርጽ ተቀይሯል፣ ጥርሶቹ ግን እነዚያው ናቸው፤ የወይን ጠጁ ጫፍ ላይ ያለችው ከፍታም ቀስት ተደርጎባት «የሟቹ አጋር ብርሃን» ተብላ ተጽፋለች። በትልቅ ቴሌስኮፕ እንደገና አንስተዋታል። እውነት ነበረች። እንደገና አንብቤ የደራሲዎቹን ስም አየሁ፤ አንድም የማውቀው የለም።

«መጨረሻውን እይው፣ መጨረሻውን!» አሉኝ ጋሼ።

መጨረሻው ላይ የምስጋና መስመር አለ። ኮከቧን ስለጠቆሙን እናመሰግናለን ይላል፤ የጋሼ ሙሉ ስም ከነማዕረጉ ተጽፏል። የእኔ የለም። ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ ፈለግሁት፤ የለም።

«ለስብሰባ ውጭ አገር ሄጄ አልነበር? እዚያ ከአንድ ትልቅ ሰው ጋር ሻይ ስንጠጣ ያቺ ፍላሽሽ ኪሴ ውስጥ ነበረች። እስቲ ልጠይቀው፣ ከመሣሪያው ከሆነም ይንገረኝ ብዬ አሳየሁት። ሰውየው ደነገጠ! ያንቺ ነገር እውነት ሆኖ ተገኘ! የእኛ ስም ገባ ልጄ፣ የእኛ!»

እኔን የሚያቃጥለኝ ይህ ነው፤ አልሰረቁኝም። ሌባ ቢሆኑ ኖሮ እጠላቸውና እገላገል ነበር። ጋሼ ስሜን መጥራት ረስተው አይደለም፤ መጠራት ያለበት መሆኑ ትዝ አላላቸውም። የአንድን ልጅ እሸት ሽማግሌ ይቀምሳል፤ የተረፈውን ለእንግዳ ያድላል፤ እንግዳው ሽማግሌውን ያመሰግናል። ልጅቱ ምን ጎደለባት? ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። እኔ ግን መናቅን እንኳ አላገኘሁም።

ተነሥቼ ጉልበታቸውን ሳምኩ። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ» አልኩ። በዚያ ቤት ውስጥ፣ ለዚያ ሰው፣ ከዚህ ሌላ ቃል አልተሠራም።

«አንድ ነገር ግን አለ» አሉ፤ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ። «የመመረቂያ ጽሑፍሽ ርዕስ ይኼው አልነበር? አሁን ታትሟል። የታተመ ነገር ደግመሽ አግኝቻለሁ ብትዪ ፈታኞቹ አይቀበሉሽም። አዲስ ርዕስ ብንፈልግ ይሻላል።»

«እሺ ጋሼ።»

«ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት በከተማው አዳራሽ ለሕዝቡ ንግግር እንዳደርግ ለምነውኛል። ስለዚህችው ኮከብ። እስቲ ቁጭ በይና ከሥሩ አስረጂኝ፤ እኔ ከዘርፉ ትንሽ ራቅ ብያለሁ።»

አስረዳኋቸው። ደግ ስለሆንኩ አይደለም፤ ሲያስረዱ መዋል ልማዴ ስለሆነ ነው። ስለ መጋዙ ጥርስ ነገርኳቸው፤ ሥዕሉን በእርሳስ ሣልኩላቸው። ኮከቧ ቅርብ መሆኗ እንዴት እንደታወቀ፣ ለምን ድንክ እንደተባለች ነገርኳቸው። ድንክ ኮከብ ካርቦን ማብሰል እንደማትችልም ነገርኳቸው። «ስለዚህ ጋሼ፣ ካርቦኑ የመጣው ከአጋሯ ነው፤ ያ ኮከብ ሳይሞት በፊት…» ስል ስልካቸው ጮኸ። አንሥተው ረጅም ወሬ አወሩ፤ ከአዳራሹ አዘጋጆች ጋር ነበር። ሲጨርሱ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። «ይበቃል፤ ዋናው ገብቶኛል። ሕዝቡስ ከዚህ በላይ መች ይፈልጋል?» አሉ። አልገባቸውም ነበር። ዳር ዳሩን ይዘው ልቡን ትተውታል።

ንግግሩ የተደረገው ከሰዓት በኋላ ነው። አዳራሹ በር ላይ «ከአገራችን ምድር እስከ ሩቅ ኮከብ» የሚል ትልቅ ጨርቅ ተሰቅሏል። ካህናት መጥተዋል፣ ነጋዴዎች መጥተዋል፣ የመሥሪያ ቤት ሰዎችና ተማሪዎች መጥተዋል። ከዳንግላ ያ የኬሚስትሪ መምህር ሳይቀር መጥቷል። እኔ መሃል አካባቢ፣ ነጠላ ከለበሱ አንዲት እናት አጠገብ ተቀመጥኩ። ላለመሄድ አስቤ ነበር፤ ብቀር «ቀናች» እባላለሁ ብዬ ሄድኩ። እውነቱን ለመናገር ቀንቻለሁም። በገዛ ኮከቤ ቀንቻለሁ።

ጋሼ አፋቸው ጣፋጭ ነው፤ ድሮም እንዲህ ነበሩ። ስለ ቀስተ ደመናው ሲናገሩ ካህናቱ እንኳ ፈገግ አሉ። ሥዕሉ ግድግዳ ላይ በርቶ የመጋዙ ጥርስ ሰው አክሎ ሲታይ ሳላስበው እንባዬ መጣ። «ከሰል ያለባት ኮከብ» ሲሉ አዳራሹ ሳቀ፤ በከሰል ከሚኖር አገር ሕዝብ ፊት ይህን መናገራቸው ብልህነት ነው። «እኛ ያገኘናት» አሉ። «እኛ» እያሉ ነው የጨረሱት። ጭብጨባው ጣሪያውን አናጋው።

ጥያቄ ካለ ሲባል ጥቂት ሰዎች ተናገሩ፤ አብዛኛው ምስጋና ነበር። መጨረሻ ላይ ከኋላ አንዲት ተማሪ ተነሣች። ሻሽ ያሰረች፣ ቀጭን፣ ድምፅዋ የሚንቀጠቀጥ ልጅ ናት።

«እርስዎ ትንሽ ኮከብ ካርቦን መሥራት አትችልም ብለዋል» አለች። «ታዲያ ካርቦኑን ከየት አመጣችው?»

ከዚያ ሁሉ ሰው የገባው ለእሷ ብቻ ነበር። ጋሼ ኪሳቸውን ዳበሱ፤ ወረቀቱን አውጥተው አዩት፤ እርሳሴ እስከ ደረሰበት ድረስ ብቻ ነው የተጻፈው። ከዚያ ቀና ብለው ዓይናቸው እኔን ፈለገ። አገኘኝ። ፈገግ አሉ፤ እንደ አባት።

«ይህን እንኳ ልጄ ትመልስልኛለች። እዚህ አብራን አለች። ተነሺ ልጄ።»

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ተነሣሁ። መልሱ አፌ ውስጥ ነበር፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። የአጋሯ ነው፣ እሱ ሠርቶት እሷ ላይ ቀረ፣ እሱም አሁን ሞቷል፣ ያቺ ጫፍ ላይ ያለችው ብርሃን የእሱ ናት። ይህን ብዬ ቢሆን ኖሮ ልጅቷ ማታ ወደ ቤቷ ስትሄድ እኔ ያን ቅዳሜ የሄድኩትን አካሄድ ትሄድ ነበር። አወቅሁት። እያወቅሁ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ዝቅ ብዬ እጅ ነሣሁ።

«ጋሼ፣ እርስዎ እያሉ እኔ ምን እላለሁ?» አልኩና ተቀመጥኩ።

አዳራሹ በአድናቆት አጉረመረመ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጋሼ ለትንሽ ጊዜ አዩኝ፤ ምን እንዳደረግሁ እንደገባቸው ፊታቸው ላይ አነበብኩ። የፈለግሁት ይህንን ነበር፤ ሲደርስ ግን ምንም አልጣመኝም። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው ወደ ልጅቷ ዞሩ።

«ካርቦን በጠፈር ሁሉ እንደ አቧራ የተበተነ ነው። ኮከቧ ስትዞር ከአቧራው ሰበሰበችው» አሉ። በልበ ሙሉነት ነው የተናገሩት። ሕዝቡ እንደገና አጨበጨበ።

አጠገቤ የተቀመጡት እናት ጉልበቴን መታ መታ አድርገው፣ «ያሳደገሽ ይባረክ» አሉኝ።

ዞር ብዬ ወደ ኋላ አየሁ። ልጅቷ አንገቷን ደፍታ የተባለችውን ትጽፍ ነበር።